መካከለኛ ዋጋ ያለው ጉዞ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ሐኪሙ ቶኩጂን "ጫማዎን ያድርጉ" ብሎ አሰናበተውና እኔን አስቀረኝ። በሩን ሲዘጋው ነገሩ ገባኝ። ጥሩ ወሬ ለበሽተኛው ነው የሚነገረው፤ በር የሚዘጋለት ወሬ የሚስት ነው።

"ለባለቤትዎ የጨጓራ ቁስለት ነው ብለናቸዋል" አለኝ። "ቁስለት አይደለም። ካንሰር ነው፤ ጉበታቸውም ጋ ደርሷል። አዲሱን ዓመት ካዩ ጥሩ ነው።"

"እሱስ?"

"አይነገራቸውም። ሰው ተስፋው ከተቆረጠ በሽታው እስኪገድለው አይጠብቅም። እርስዎ ፊትዎን ያሳምሩ፤ ሌላውን እኛ እናደርጋለን።"

አባቴም እንዲሁ ነው የሞተው። ወተት አመላላሹ ሳይቀር ያውቅ ነበር፤ የማያውቀው አባቴ ብቻ ነበር። ያኔ ደግ የሠራን መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ከዚያ ክፍል ስወጣ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ቶኩጂ ጫማ መደርደሪያው ጋ ቆሞ ይጠብቀኛል። "ምን አለሽ?"

"ቅመም እንዳታበላው አለኝ።"

"ይሄን ለመናገር ነው በር የዘጋው?"

"ሐኪም አይደል? ሰላምታም በር ዘግቶ ነው የሚሰጠው።"

ሳቀ። አውቶቡስ ላይ ግን ወደ ናጋኖ ተራሮች እያየ ተጓዘ፤ ልንወርድ ስንል፣ "ፉሳኤ፣ ያንን ጉዞ ብንሄደውስ?" አለኝ። ምክንያት ፈጥሬ እንዴት እንደማነሳው ሳስብ የነበረውን ነገር እሱ ራሱ አነሳልኝ። ዕድል ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ጉዞው የሠላሳ ዓመት ወሬ ነው። ፀጉር ቤታችን ወንበር ላይ ተጋድሞ ፊቱ ላይ ትኩስ ፎጣ የተጣለበት ወንድ ሁለት ነገር ብቻ ያወራል፤ ስለ አለቃው፣ ወይም የት ከተማ ምን እንደበላ። የኪዮቶን ቶፉ የሚባል የተቀቀለ የአኩሪ አተር አይብ፣ የናራን በሻይ የበሰለ የሩዝ ገንፎ፣ የኦሳካን ጥብስ። ቶኩጂ ምላጩን እንደያዘ አገሩን በሙሉ በሰው አፍ በልቶታል። እኛ የምናርፈው ሰኞ ብቻ ነው፤ በአንድ ሰኞ የት ይደረሳል?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ጥድፊያ። ሱቁ ሞልቷል። ሾርባውን ጠጣ፣ ሩዙን አልነካውም። "ጠዋት በልቻለሁ" አለ። ጠዋትም አልበላም።

ለማንም አልናገርም። ሆድ ይፍጀው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

የጉዞ ቢሮው ሠራተኛ ኦሪሃራ ነው፤ ቶኩጂ ከተማሪነቱ ጀምሮ ፀጉሩን ያስተካክለዋል። ሥዕል ያለባቸውን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ።

"እማማ ፉሳኤ፣ ሦስት ዓይነት አለን፤ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ እና እኔ በኋላ ይቅርታ የምጠይቅበት።"

ጣቴ ሳላዘው ጥሩው ላይ አረፈ። አትክልት ቦታ ፊት ለፊት ያለ ማረፊያ፣ እራት ክፍል ድረስ የሚመጣበት፣ ወፍራም ፍራሽ። ይህንን ለአንድ ሌሊት እንኳ ቢተኛበት ምን ነበረበት! ከዚያ ግን ያለቀ ሳሙና ስባሪ ከአዲሱ ሳሙና ጋር አጣብቆ የሚታጠብ ሰው መሆኑ ትዝ አለኝ። "ምን ተገኘ?" ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት? ውድ ነገር በእኛ ቤት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚገዛው፤ ሲጋቡና ሲሞቱ።

"መካከለኛውን" አልኩት።

"ገምቼ ነበር! ጋሼ ቶኩጂን አላውቃቸውም እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

"ግን ባቡሩ ላይ መጸዳጃው አጠገብ ይሁን። ማረፊያውም ደረጃ የሌለው።"

እስክሪብቶውን አቆመ። "ምነው? ጋሼ ደህና አይደሉም?"

"ጉልበቱ ነው።"

የሰውየውን መጨረሻ በመካከለኛ ዋጋ ገዝቼለት መጣሁ። ስመለስ እወድሃለሁ ለማለት አፌ ስላልቻለ፣ መንገድ ላይ ፖም ገዛሁለት። ፈጭቼ ሰጠሁት፤ በላ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ሳዋኮ ከዮኮሃማ ደወለች። ልጃችን ናትና ለእሷ ግን ነገርኳት።

"እማዬ፣ ምን መካከለኛ ትይኛለሽ? ከፍተኛውን ያዢለት፣ እኔ እከፍላለሁ! ለአባዬ ከእንግዲህ ምን ልናደርግለት ነው?"

"ውድ ነገር ከሰጠሁት ይገባዋል።"

"እና እንዲያው ተርታ ቤት ተኝቶ..." ጨርሳ መናገር አቃታት፤ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ አላለቀስኩም፤ በመጋረጃው ማዶ የመቀሱ ድምፅ ቆሞ ነበር።

"ማነው?" አለ ከሱቁ።

"ሳዋኮ ናት! ጉዞውን ሰምታ ቀንታብን ነው።"

"ብስኩት ይመጣልሻል በያት።"

መቀሱ እንደገና ጀመረ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ካርታውን ዘርግተን ተቀመጥን። ከተሞቹን እኔ ነበርኩ የመረጥኳቸው። ቶኩጂ መነጽሩን ሰቅሎ አየና፣

"ኪዮቶ፣ ቶፉ። ናራ፣ ገንፎ። ኢሴ፣ ያ የሚልፈሰፈስ ኑድል። አንቺ ሴትዮ፣ ጥርስ ያላበቀሉ ከተሞችን ነው እንዴ ለቅመሽ ያወጣሽው?"

"ቁስለትህን ብዬ ነው።"

"ቁስለቴን ኦሳካ ወስጄ በጥብስ አስታርቀዋለሁ። ኢሴን አውጪው።"

በኢሴ ፈንታ መጨረሻ ላይ ሂሮሺማን ጨመረ፤ ለኦይስተር። ገረመኝ። እሱ ከባሕር ዛጎል የሚወጣ ነገር በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ሽታው ያንገፈግፈዋል። ኦይስተር የምወደው እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ከዚያ አንድ ሣጥን ልኮልን፣ ብቻዬን ተደብቄ በልቼ መገረፌን ገና እንደተጋባን አንድ ቀን አጫውቼው ነበር።

"አንተ እኮ አትበላውም።"

"አንቺ ስትበዪ አያለሁ። እሱም ትርዒት ነው።"

"ሩቅ ነው፤ ይደክምሃል።"

"ለዚህ አይደል መጨረሻ ላይ ያደረግኩት?"

ለምን እንደጨመረው አልገባኝም። ሆዱ ሲታመም የሰው አምሮት ይለዋወጣል ይባላል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ኦሪሃራ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። እኔ ማዶ ፎጣ አጥፋለሁ። በድንገት፣ "ጋሼ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ?" ሲል ሰማሁት። ስለ ጉልበቱ የዋሸሁትን ለቶኩጂ ማስጠንቀቅ ረስቻለሁ።

ቶኩጂ ትንሽም አልዘገየ። "ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ እየተሻለው ነው" አለ።

ጉልበቱ እውነትም ታሞ ይሆናል። ስንት ዓመት ቆሞ ሠርቷል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ነገርኳት። ለእትዬ ኪኑዮ፣ ለታላቅ እህቱ። ሳህኑ ላይ የተረፈውን አይታ "ምነው ወንድሜ እንዲህ ሆነ?" ስትለኝ ማድቤት ውስጥ ፍግም አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሦስት ሳምንት ተሸክሜው ለአንድ ጠያቂ ፈሰስኩ፤ ምን ዓይነት ሴት ነኝ! እትዬ አፏን በእጇ ይዛ "ከእኔ አይወጣም" አለች። አይወጣም፣ አውቃለሁ። ግን ፊቷ መስታወት ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

ጎረቤቶች የመንገድ ገንዘብ እያመጡ ነው፤ ከአትክልት ሻጩ፣ ከሰዓት ጠጋኙ፣ ከፊት ለፊቷ መበለት። ሁሉም በነጭ ፖስታ፣ በቀይና ነጭ ክር ታስሮ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ኪኑዮ መጣች፤ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ፖስታዋን ወደ ቶኩጂ ገፋችለት። "ደህና ደርሳችሁ ግቡ" ብላ ጎንበስ አለች።

ቋጠሮውን አየሁት።

ሕፃን የሚያውቀውን ነገር የምጽፈው፣ ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ለማየት ነው። ለመንገደኛ የሚሰጥ ፖስታ ክሩ እንደ ጫማ ማሰሪያ ሁለት ጆሮ ያለው ነው፤ ሳብ ሲያደርጉት ይፈታል፣ ደግሞም ይታሰራል፤ ደስታው ይደጋገም ለማለት። ለበሽተኛ የሚሰጠው ግን ድርቅ ያለ፣ የማይፈታ ቋጠሮ ነው፤ ክፉው አይደገም ለማለት፤ መልሱም በሽታው ሲያልቅ ነው የሚሰጠው። እትዬ ያመጣችው የማይፈታውን ነው። ሱቅ ገብታ እጇ የሚያውቀውን አነሳች፤ አፏን ስትጠብቅ እጇ አመለጣት።

እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ማንሳት፣ መሸፈን፣ ሻዩን መድፋት እችል ነበር። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ቶኩጂ ፖስታውን በሁለት እጁ ተቀበለ። አውራ ጣቱን ቋጠሮው ላይ አሳረፈና ትንሽ ቆየ። "እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ተጨነቅሽ" አላት። ከዚያ ሳቅ ብሎ ስለ አየሩ አወራት። እሷ እስክትሄድ ምንም አልታወቃትም።

አላየውም። መነጽሩን አላደረገም ነበር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ለማን ምን ይዘን እንደምንመለስ እየተነጋገርን ነበር። የሰጠን ሁሉ ከመንገድ ስጦታ ይጠብቃል፤ ይህ የማይቀር ነው።

"ለእትዬ ኪኑዮስ?" አልኩት።

"ለእሷ ከመንገድ አይመጣም።"

"እንዴ! ከሁሉም አብልጣ የሰጠችው እሷ ናት።"

"የእሷ ዓይነት የሚመለሰው በሌላ ጊዜ ነው" አለ። "ያኔ አንቺ ትመልሺላታለሽ።"

አልጠየቅኩትም። መነጽሩን አላደረገም ነበር እላለሁ፤ ያለ መነጽር የሰው ጉሮሮ የሚላጨው ሰውዬ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ። በምስማር የበሳው እሱ ራሱ ነው።

አንድ ደንበኛ፦ "ጋሼ፣ ሸንቀጥ ብለዋል!" እሱ፦ "ሚስቴ እያስራበችኝ ነው፤ ኪዮቶ ሄጄ እንድጠግብ።" ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ማድቤት ገብቼ የታጠበ ዕቃ ደግሜ አጠብኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

የክረምቱን ጎመን በጨው ልንከት ስንል የሁለታችንን በርሜል ላወርድ ወደ መጋዘን ሄድኩ። ቀድሞኝ ገብቶ ትንሹን አውርዷል፤ እናቱ መበለት ሆና ብቻዋን ስትኖር ትጠቀምበት የነበረውን። "ዘንድሮ በረዶው ቀላል ነው ይላሉ፤ ይህ ይበቃል" አለኝ። አየር ትንበያው ያለው ተቃራኒውን ነው። ጎመኑን ሳጥብ ጣቶቼ በውሃው ደነዘዙ፤ ደግ አደረጉ።

ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ! "ኪዮቶ ውስጥ አጠገቤ የምትሄደው ሴት የፀጉር አስተካካይ ሚስት መምሰል አለባት" አለ። ፎጣውን ፊቴ ላይ ሲጥልብኝ፣ ወንዶቹ ለምን እንደሚያወሩ ገባኝ። ዓይንህ ሲሸፈን አፍህ ይከፈታል። ልነግረው ነበር። "ቶኩጂ" አልኩት።

"እ?"

"እጅህ ቀዝቅዟል።"

"የአንቺ ጎመን ነው" አለና በትንፋሹ አሞቀው።

ፎጣው ሥር ያለቀስኩትን ትኩሱ ውሃ ሸፈነልኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18፣ ኪዮቶ

ደረስን። ትናንት ሙሉ ቀን ባቡር። ማረፊያው መካከለኛ ነው፤ ግድግዳው ስስ፣ ሻዩ ጥሩ።

ቶፉው በሸክላ ድስት መጣ፤ ውሃው እንፋሎት ብቻ እንጂ አይፈላም። ቶኩጂ አንዱን ቁራጭ አንስቶ ከአኩሪ አተር መረቁ ነከረና ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ። "ያ የባንክ ሰውዬ ፎጣ ሥር ሆኖ የሚምልለት ይሄ ነው? አልዋሸም" አለ። ሁለተኛውንም በላ። ከዚያ ማንካውን ቀስ ብሎ አኖረና ድስቱን ወደ እኔ አዞረው። "ብዪ፤ እኔ ወሬውን ስበላ ኖሬያለሁ፤ ጠግቤያለሁ።" ቀሪውን ሁሉ እኔ በላሁት። ምንም ጣዕም አልሰጠኝም። ጣፈጠኝ አልኩት።

ስንወጣ ለጎረቤት ሁሉ የሚሰጠውን ብስኩት ካልገዛሁ አለ። ማን ነው በመጀመሪያው ከተማ ስጦታ ገዝቶ ተሸክሞ የሚዞር? "መጨረሻ ላይ ነው የሚገዛው" ብለውም "አሁን ይሻላል" አለ እንጂ አልሰማኝም። እኔ ተሸከምኩት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19፣ ናራ

ገንፎውን ሦስት ማንካ። ከዚያ ደም። በፎጣ ጠረግኩት። "ሻዩ ነው፤ ቀለሙ" አለኝ።

"አዎ፣ ሻዩ ነው" አልኩት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20፣ ናራ

ጠዋት ለኦሪሃራ ደውዬ የኦሳካንና የሂሮሺማን እንዲሰርዝ ነገርኩት። ስመለስ ቶኩጂ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ ጉልበቱ ፊት ነጭ ፖስታ አስቀምጧል። የማረፊያ ቤቷን ሴት ልኮ አስገዝቶ ነው። ተንበርክኮ፣ በሁለት እጁ፣ ልክ እንደ ጎረቤት ወደ እኔ ገፋው። የሰጪው ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሙሉ ስሙን ጽፎበታል። ክሩን እንደገና በራሱ እጅ አስሮታል፤ ሁለቱ ጆሮዎች እኩል አልነበሩም፤ እጁ እንደ ድሮው አይደለም።

"ምንድነው ይሄ?"

"ለመንገደኛ ይሰጥ የለ? ሂሮሺማ ስትሄጂ።"

"አብደሃል? አንተን እዚህ ጥዬ?"

"ዛሬ አላልኩም። ሲመችሽ።"

"ፀደይ ላይ አብረን እንሄዳለን፤ ቁስለትህ ሲድን።"

"እሺ፤ ሲድን" አለ። "ብቻ ባዶ እጅሽን እንዳትመለሺ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ የእሱም እንደዚያው። ሴትየዋ ፍራሹን ልታነሳ ገባች፣ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አመሰገንናት፣ ስትወጣ ስለ ባቡሩ ሰዓት ማውራት ጀመርን። ሁለት ፈሪዎች።

አይ፣ እሱ ፈሪ አልነበረም። እሱ የሚችለውን ያህል ተናግሯል።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ሆስፒታል። ሐኪሙ፦ "ቁስለቱ ትንሽ ግትር ሆኗል።" ቶኩጂ፦ "እኔም ግትር ነኝ፤ እንተያያለን።" ሐኪሙ ሲወጣ ቶኩጂ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰና ጠቀሰኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልከፈለ ደንበኛ ሲወጣ እንደዚያ ነበር የሚጠቅሰኝ።

እጁን ያዝኩት። ስለ ኦይስተር አወራን።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 22

ዛሬ ሰኞ ነው፤ ሱቁ ዝግ የሚሆንበት ቀን። ከሞተ ወዲህ ሁልጊዜም ዝግ ነው።

ቤቱ በፖስታ ተሞልቷል። የለቅሶ ነውና ክሩ ጥቁርና ነጭ፣ ቋጠሮው ሁሉ የማይፈታ። ለሁሉም መልስ እያዘጋጀሁ ነው። ለእትዬ ኪኑዮ የኖቬምበሩንም ጨምሬ መለስኩላት፤ እሱ እንዳለው። የመለስኩላትን ፎጣ ደረቷ ላይ አቅፋ አለቀሰች።

"ምንም ሳያውቅ ሄደልን፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። አይደል፣ ፉሳኤ?"

"አዎ እትዬ። ምንም አላወቀም።"

ኦሪሃራም መጥቶ ነበር። በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷልና ጫማውን ሲያራግፍ ቆየ። "ሂሮሺማን አልሰረዝኩትም፤ ቀኑን ብቻ ነው ያሸጋገርኩት" አለኝ። "ጋሼ ከኪዮቶ ደውለው 'ጉዞው ቢቀርም የሷን ሂሮሺማ አትሰርዝ' ብለውኝ ነበር። ለአንድ ሰው፣ መካከለኛውን።"

ከኪዮቶ። ገንፎውን ሳይቀምስ፣ ደሙን ከማየታችን በፊት።

የእሱ ፖስታ አሁን ፊቴ ነው ያለው። በዚህ ቤት ካሉት ቋጠሮዎች ሁሉ የሚፈታው እሱ ብቻ ነው፤ አንዱን ጆሮ ሳብ ማድረግ ነው። ኦይስተሩ አሁን ወፍሯል፣ ቲኬቱም አለ፣ ጎመኑም ለአንድ ሰው በቂ ነው። ሁለት ጊዜ ክሩን ያዝኩት፣ ሁለት ጊዜም ተውኩት። ከፈታሁት መሄድ አለብኝ። ከሄድኩ ደግሞ፣ የመንገድ ገንዘብ ለሰጠኝ ሰው ስጦታ ይዤ መመለስ አለብኝ፤ ባዶ እጅሽን እንዳትመለሺ ብሎኛል።

ይዤ የመጣሁ እንደሆነስ፣ ለማን ነው የምሰጠው?